ከካውንተር እስከ ካሳ ክፍል ኃላፊነት፦ ኢንሹራንስ ውስጥ ማንም ያልነገረኝ ነገር

ይህን የምጽፈው ኢንሹራንስ ቤት ተቀጥራችሁ እድገት ለምትጠብቁ እህቶቼ ነው፤ በተለይ በቅርቡ ለምትወልዱ። አንድ ሰው አስቀድሞ "የሥራ አፈጻጸም ምዘናሽን ሳታስሞዪ የወሊድ ፈቃድ እንዳትወጪ" ቢለኝ ኖሮ የኃላፊነቱን ቦታ ያኔውኑ እይዘው ነበር።

ወደ ሥራው የገባሁት እንደማንኛውም ሰው ነው። በአካውንቲንግ ተመረቅሁ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ የግል ኢንሹራንስ ቅርንጫፍ በጁኒየር ኦፊሰርነት ቀጠረኝ። የሶስተኛ ወገን መድን ማደስ፣ አረቦን (ደንበኛው ለመድኑ የሚከፍለውን) ማስላት፣ ደረሰኝ መቁረጥ ነበር ሥራዬ።

ካውንተር ላይ ግን ብዙ አትቆዩ። አለቆች ሴት ሠራተኛን ደንበኛ ፊት ማስቀመጥ ይወዳሉ፤ "ትዕግስት አለሽ፣ ሰው ይወድሻል" ይሏችኋል። ምስጋናው ደስ ይላል፤ የኃላፊነት ቦታ ሲወጣ ግን የሚጠየቀው ምን ያህል ካሳ መርምራችሁ እንደወሰናችሁ ነው። እኔም ወደ ሞተር ክሌም፣ ማለትም ወደ ተሽከርካሪ ካሳ ክፍል፣ ልዛወር ብዬ አመለከትኩ። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ "ጋራዥ ለጋራዥ መዞር ለሴት ይከብዳል" አሉኝ። ማመልከቻዬን አላነሳሁም።

ዓባይ በረሃ ላይ ተገልብጦ ቃሊቲ የገባ የጭነት መኪና እንዳይ የተላክሁበትን ቀን አልረሳውም። የጋራዡ ባለቤት ከኋላዬ እያየ "ሰርቬየሩ (ጉዳቱን መርማሪው) የታለ?" አለኝ። "እኔ ነኝ" አልኩት። የሻንሲ ቁጥሩ በግራሶና በጭቃ ተለስኗል። ቱታዬን ለብሼ ከመኪናው ሥር ገባሁ፣ ናፍጣ በነካ ጨርቅ ጠረግሁት፣ ከዚያ ወረቀት ለጥፌ በእርሳስ አሸሁት። ቁጥሩ ጎልቶ ሲወጣ ሊብሬው ላይ ካለው በሁለት አሃዝ ይለያል። መድን የተገባለት ሌላ መኪና ነበር። ያ ፋይል ሳይጣራ ተከፍሎ ቢሆን ድርጅቱ ትልቅ ገንዘብ ያጣ ነበር። ከዚያ በኋላ "ለሴት ይከብዳል" የሚለኝ አልነበረም።

ስለ ትምህርቱ አላበዛም። የለንደኑን የቻርተርድ ኢንሹራንስ ኢንስቲትዩት ፈተና መውሰድ ጥሩ ነው፤ ድርጅታችሁ የሚከፍል ከሆነ ውል ፈርማችሁም ቢሆን ጀምሩት። ከሱ በፊት ግን የራሳችንን ሕግ አንብቡ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ የነካው አንደኛውን፣ ሁለተኛውንና አምስተኛውን መጽሐፍ ነው፤ የኢንሹራንስ ውል ዛሬም የሚመራው በ1952ቱ ሕግ ሦስተኛ መጽሐፍ ነው። ብዙ ባለሙያ ይህን ሳያውቅ ነው የሚከራከረው። የሶስተኛ ወገን አዋጁንም፣ 799/2005ን፣ ዋናውን ጽሑፍ ይዛችሁ ተቀመጡ። አዋጁ ሲወጣ ለሞት ያስቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር፣ ለንብረት ደግሞ 100,000 ብር ነው። ባሏን በመኪና አደጋ ያጣች ሴት ጠረጴዛችሁ ፊት ተቀምጣ "ለመኪና ከሰው ይበልጥ ይከፈላል?" ብላ ስትጠይቃችሁ የሥልጠና ማስታወሻ አያድናችሁም። እኔን ጠይቃኛለች። ሕጉን ከነአንቀጹ አስረዳኋት፤ ከዚህ በተጨማሪ አሽከርካሪውንና ባለንብረቱን በፍትሐ ብሔር የምትጠይቅበትን መንገድም ነገርኳት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ።

የሞተር ክሌም ክፍል ኃላፊው ሲለቅ ሥራውን በተጠባባቂነት እኔ ያዝኩት። የውክልና ደብዳቤ ጠየቅሁ። "ይመጣል፣ ሥራ እንዳይቆም ጀምሪ" ተባልኩ። ከዓመት በላይ ሠራሁ፤ ደብዳቤውም የተጠባባቂነት አበሉም አልመጣም። በዚህ መሀል አረገዝኩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። የግማሽ ዓመቱን ሥራ አብዛኛውን ጨርሼ፣ ፋይሎቹን ለባልደረቦቼ አስረክቤ ወጣሁ።

አራስ ቤት እያለሁ አንዲት የሥራ ጓደኛዬ ደወለች። የኃላፊው ቦታ በውስጥ ማስታወቂያ ወጥቶ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፣ ምዝገባውም በነጋታው ይዘጋል። ለእኔ ከመሥሪያ ቤት የደወለልኝ ሰው የለም፤ ስልኬ ግን ፋይል ሲጠፋባቸው ይደወልበት ነበር። ባለቤቴ ማመልከቻዬን ወስዶ አስገባልኝ። ለጽሑፍ ፈተናው ልጄን እናቴ ይዛልኝ ሄድኩ፣ አንደኛም ወጣሁ። ቃለ መጠይቁም ጥሩ ነበር።

ውጤቱ ሲለጠፍ ግን ሦስተኛ ነኝ። ቦታውን ያገኘው የካሳ ሪፖርት አጻጻፍ እኔ ራሴ ያሳየሁት ልጅ ነው። እሱን አልወቅስም፤ ተወዳድሮ ነው ያገኘው። ዝርዝሩን ሳይ ግን ደሜ ፈላ። መመሪያው የሁለት ተከታታይ ግማሽ ዓመት የሥራ አፈጻጸም አማካይ ይወስዳል። የመጀመሪያው 92 ነበር። ሁለተኛው ምዘና በሚሞላበት ሳምንት እኔ ፈቃድ ላይ ስለነበርኩ ማንም አልሞላውም። የሰው ሀብት ክፍል ባዶውን ዜሮ አድርጎ አስገባና አማካዬ 46 ሆነ። በተጠባባቂነት የሠራሁት ደግሞ ደብዳቤ የለውም ተብሎ ከልምድ አልተቆጠረም።

ባለሙያዋን ጠየቅኋት። "ሲስተሙ ባዶ አይቀበልም፣ የሆነ ነገር መሙላት ነበረብን" አለችኝ። ታዲያ ለምን ዜሮ? ለምን ያለፈው ውጤት አይያዝም? መልስ የላትም። ወደ መምሪያ ኃላፊው ገባሁ። "እርስዎ እያወቁኝ እንዴት ዝም ይላሉ?" አልኳቸው። "አይዞሽ፣ ቦታ የትም አይሄድም፤ አሁን ልጅሽን አሳድጊ" አሉኝ። ይህ ንግግር ዛሬም ያንገበግበኛል። ልጅ አሳድጊ ማለት ምክር ነው፤ ሕግ የሰጠኝን ፈቃድ እንደ ሥራ ጉድለት ቆጥሮ ልጅ አሳድጊ ማለት ግን በደል ነው። የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 87 ሴት በጾታዋ ምክንያት እንዳትገለል ይከለክላል፤ በእድገት ውድድር እኩል ውጤት ስታመጣም ቅድሚያ ይሰጣታል። እኔ ቅድሚያ አልጠየቅሁም። የሠራሁት እንዲቆጠር ነው የጠየቅሁት።

የሠራተኛ መመሪያው ቅሬታን መጀመሪያ ለቅርብ አለቃ በቃል አቅርቡ፣ መልስ ጠብቁ፣ ከዚያ ወደ ላይ ሂዱ ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። በቃል የተነገረ ቅሬታ ቀን የለውም፣ የማመልከቻ ጊዜውም በዚያ መሀል ያልፋል። በዚያው ቀን በጽሑፍ አዘጋጅታችሁ በመዝገብ ቤት አስገቡ፣ እጃችሁ ላይ በሚቀረው ኮፒ ቁጥርና ማኅተም አስመቱ፣ ለሠራተኛ ማኅበሩም ግልባጭ ስጡ። ደንበኛን የፖሊስ ሪፖርት፣ መንጃ ፈቃድ፣ ፕሮፎርማ እያልን የምናመላልስ ሰዎች ለራሳችን ጉዳይ በቃል መተማመን የለብንም።

እኔም በጽሑፍ ላስገባሁት ቅሬታ መልሱ የመጣው የተመደበው ልጅ የሙከራ ጊዜውን ከጨረሰ በኋላ ነው። ያልተሞላው ምዘና ባለፈው ውጤት መተካት እንደነበረበት አመኑ፤ ነገር ግን ምደባው ስለጸደቀ አይነካም አሉ። ስህተቱን ራሳቸው በፊርማቸው አረጋግጠው ጉዳቱን ለእኔ ተዉት።

ያኔ ለመልቀቅ ወሰንኩ። "የኢንሹራንሱ መንደር ጠባብ ነው፣ ቅሬታ ያቀረበች ሴት ስሟ ይጠፋል" ብለው ያስፈራሩኝ ነበር። መንደሩ ጠባብ መሆኑ ግን ጠቀመኝ። ሁለት መድን ያላቸው መኪኖች ሲጋጩ የከፈለው ድርጅት ከሌላው ያስመልሳል፤ በዚህ የሪከቨሪ ክርክር ከሌሎች ኩባንያዎች የካሳ ባለሙያዎች ጋር ለዓመታት ተሟግቻለሁ። የቀጠሩኝ አለቃ በአንድ ፋይል ረትቻቸው ካሳውን ያስከፈልኳቸው ሰው ናቸው። ቃለ መጠይቁ ላይ ያንን ፋይል ራሳቸው አነሱት። ዛሬ እዚያ የካሳ ክፍሉን እመራለሁ፤ በዚህም እኮራለሁ።

ፈቃድ ልትወጡ ስትሉ ቢያንስ ከወር በፊት እስከዚያ ቀን የሠራችሁትን ምዘና አስሞሉ። "ወቅቱ አልደረሰም" ይሏችኋል፤ እንዳትቀበሉ። አለቃችሁ አልፈርምም ካለ የሠራችኋቸውን ፋይሎች ዝርዝር ከማመልከቻ ጋር በመዝገብ ቤት አስገቡ። ተጠባባቂ ከሆናችሁ ያለ ደብዳቤ በሌላ ሰው ቦታ አንድም ክፍያ አትፈርሙ። ከማኅበሩ የኅብረት ስምምነቱን ኮፒ ወስዳችሁ የቅሬታ ማቅረቢያ ቀነ ገደቡን እዩ፤ ፈቃድ ላይ ላለ ሠራተኛ ማስታወቂያ እንዴት እንደሚደርስ ካልተጻፈበት ደግሞ በሚቀጥለው ድርድር እንዲገባ አሁኑኑ ጠይቁ።