ከሰማይ የታየች ሴንት ሉዊስ
ዛሬ እረፍት ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ የድሮ ከተሞች ካርታ ሳይ ዋልኩ። ካርታ ስላችሁ መስመር ብቻ አይምሰላችሁ። ወፍ ከላይ ሆና እንደምታየው የተሳለ ሙሉ ከተማ ነው።

ቀልቤን የወሰደው የአሜሪካዋ ከተማ የሴንት ሉዊስ ነው። ካሚል ድራይ የሚባል ሰዓሊ እ.ኤ.አ. በ1875 የነበረችውን ከተማ በ110 ገጽ ስሏታል። ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የእንፋሎት ጀልባዎቹ፣ በ1874 የተከፈተው የኢድስ ድልድይ፣ የየሕንፃው መስኮት ሳይቀር አለ። ገጾቹ ሲገጣጠሙ አንድ ግዙፍ ሥዕል ይሆናሉ። እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው!

አውሮፕላን በሌለበት ዘመን እንዴት ቻሉ? እንደ አልበርት ሩገር ያሉ ሰዓሊዎች በእግራቸው መንገድ ለመንገድ እየዞሩ ሕንፃዎቹን ይነድፉ ነበር። ከዚያ የከተማውን ፕላን ከከፍታ እንደሚታይ አድርገው ያዘነብሉትና ቤቶቹን በየቦታቸው ይስላሉ። ያ የሰማይ እይታ ከሐሳባቸው የወጣ ነው። ሥዕሉ በድንጋይ ኅትመት፣ ማለትም ድንጋይ ላይ ተስሎ ወረቀት ላይ በሚታተምበት ዘዴ፣ ተባዝቶ ለነዋሪው ይሸጣል። ነጋዴዎች ይወዱት ነበር፤ ከተማቸውን ያስተዋውቅላቸዋል። እኔን ግን ይበልጥ የነካኝ ተራዎቹ ትንንሽ ቤቶች ሳይዘለሉ መሳላቸው ነው።

ዲሲ አካባቢ ያላችሁ፣ የቤተ መጻሕፍቱ የካርታ ክፍል ማዲሰን ሕንፃ ውስጥ ነው። ሄጄ ማየት እፈልጋለሁ። አብሮኝ የሚሄድ አለ?