በጊልገል ጊቤ ውሃ ላይ ብቻዬን ለመውጣት እንዴት እንደተዘጋጀሁ

ከጅማ ተነስቶ በአዲስ አበባው መንገድ ለሚሄድ እንግዳ፣ አሰንዳቦ አካባቢ የተንጣለለው ውሃ ሐይቅ ይመስለዋል። የጊልገል ጊቤ አንድ ግድብ ያቆረው ነው። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረ ሲሆን 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። እኔ ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር በዚህ ውሃ ላይ በራሴ ጀልባ ብቻዬን እወጣለሁ። ለከተማው የሚቀርበው የቦዬ ረግረግ ውሃ ነበር፤ ነገር ግን ቦዬ የጉማሬ ቤት ነው፣ ጉማሬ ባለበት ጠባብ ውሃ ላይ ትንሽ ጀልባ ይዞ መግባትን ለማንም አልመክርም። ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ የጀልባውን ዋጋ ነው። ስለ ደኅንነቱ የሚጠይቀኝ ጥቂት ስለሆነ ልጻፈው አልኩ።

ወደዚህ ያመጣኝ የቫንዴ ግሎብ ውድድር ነው። በየአራት ዓመቱ ከፈረንሳይዋ የወደብ ከተማ ሌ ሳብል ዶሎን ይነሳሉ፤ አንድ ሰው በአንድ ጀልባ፣ ወደብ ሳይቆም፣ ዓለምን በሸራ ይዞራል። በአፍሪካው ኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ፣ በአውስትራሊያው ኬፕ ሉዊንና በደቡብ አሜሪካው ኬፕ ሆርን ሥር አልፈው እዚያው ይመለሳሉ። ኅዳር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 40 ጀልባዎች ተነሱ። ቻርሊ ዳሊን በ64 ቀን ከ19 ሰዓት ዞሮ ጥር 6 ቀን አንደኛ ሆኖ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1989 የተነሳውን የመጀመሪያውን ውድድር ያሸነፈው ቲቱዋን ላማዙ 109 ቀን ፈጅቶበት ነበር።

ጅማ ተቀምጦ ይህን መከታተል አያስቸግርም፤ በውድድሩ የኢንተርኔት ካርታ ላይ ጀልባዎቹ ነጥብ ናቸው፣ ብዙ ዳታ አይበሉም። ጀማሪን የሚያሳስተው የደረጃ ሰንጠረዡ ነው። ደረጃው የሚሰላው እስከ መጨረሻው በቀረው ርቀት ስለሆነ፣ ነፋስ ፍለጋ ወደ ጎን የወጣ ጀልባ ለቀናት ወደ ኋላ የቀረ ይመስላል። ደቡብ አትላንቲክ ላይ ለምሳሌ በሴንት ሄለና ስም የሚጠራ የከፍተኛ አየር ግፊት ክልል አለ፤ መሃሉ ላይ ነፋሱ ይሞታል። አጭሩን መንገድ መርጦ የገባበት ይቆማል፣ በምዕራብ ዞሮ የወረደው ደግሞ ይቀድመዋል። ሰንጠረዡን ትታችሁ የነፋሱን ቀስት ተከተሉ፤ ውድድሩ ያን ጊዜ ነው የሚጥመው። ሰፈራችን ቡና ላይ «ዛሬስ የት ደረሱ?» ማለት ተለምዷል።

ጀልባዬን የሠራልኝ አጂፕ ሰፈር በርና መስኮት የሚበይድ ልጅ ነው። ርዝመቱ አራት ሜትር፣ ሆዱ ጠፍጣፋ፣ ላሜራው ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። የላሜራ ጀልባ ዋጋው አይጎዳም፣ ጉቶ በቀላሉ አይቀደውም፣ ጥገናውም እዚሁ ጅማ ያልቃል። ክፉ ጠባዩ አንድ ነው፦ ውሃ ከሞላው ይሰምጣል፣ ተመልሶም አይመጣም። የቫንዴ ግሎብ ጀልባዎች ውስጣቸው ውሃ በማያሳልፍ ግድግዳ የተከፋፈለ ነው፤ አንዱ ክፍል ቢቀደድ ሌላው አየር ይዞ ያንሳፍፋል። ያንን ግድግዳ እኔ ያገኘሁት ሂርማታ ገበያ፣ በቢጫው የዘይት ጀሪካን ነው።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። የጀልባው ብረት መቶ ኪሎ ግድም ይሆናል። ብረት ውሃ ውስጥ ሲጠልቅ ከክብደቱ አንድ ስምንተኛውን ያህል ስለሚቀለው፣ ማንሳት ያለብን 87 ኪሎ ነው። ባለ 20 ሊትር ባዶ ጀሪካን በደንብ ተከድኖ ሲጠልቅ፣ የራሱ ክብደት ተቀንሶ 19 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይገፋል። የስምንት ጀሪካን ግፊት ከ150 ኪሎ ይበልጣል፤ የተረፈው ጀልባው ላይ ለተንጠለጠለ ሰው ይበቃል። ጀሪካኖቹ ወለሉ ላይ መታሰር የለባቸውም፤ ከታች ከሆኑ ውሃ የሞላውን ጀልባ ይገለብጡታል። እኔ በግራና በቀኝ፣ ከጠርዙ ሥር፣ የቻልኩትን ያህል ከፍ አድርጌ አስሬያቸዋለሁ፤ ገመዱም ከላይ ተጫኗቸዋል፣ ምክንያቱም ውሃው የሚገፋቸው ወደ ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ክዳን ሥር ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ክብ ላስቲክ አለ። ከዚያ ጀልባውን ወገብ በሚደርስ ውሃ ላይ አቁመን በባልዲ እስከ አፉ ሞላነው። ጠርዙ ከውሃው በላይ ቆሞ ቀረ። በያጁ ሁለቴ ወጥቶበት ዘለለ፣ ቀልድ መስሎት ነበር፤ ለእኔ ግን ከጀልባው ሥራ ሁሉ ዋናው ሰዓት እሱ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ ከጀልባው ብወድቅስ የሚል ነው። ውቅያኖስ ላይ ብቻቸውን የሚሄዱት ደረታቸው ላይ ማሰሪያ አላቸው፤ በአጭር ገመድ ከፊት እስከ ኋላ በተዘረጋ መስመር ላይ ይቆለፋሉ። የእነሱ ጀልባ ቢገለበጥ ራሱን እንዲያቀና ተደርጎ የተሠራ ነው። የኔ አይቀናም፣ ስለዚህ ከጀልባው ጋር መታሰር ለእኔ ወጥመድ ነው። በእሱ ፈንታ ከኋላ አሥር ሜትር የሚንሳፈፍ ገመድ እጎትታለሁ፤ በየሜትሩ ቋጠሮ አለው፣ እጅ እንዳያንሸራትት። ላይፍ ጃኬት ከዳርቻ ሳልነሳ እለብሳለሁ። ስትገዙ በጭን መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለውን ምረጡ፤ ከሌለው አሰፉበት። ያለ እሱ ጃኬቱ ብቻውን ይንሳፈፍና ሰውየው ከሥሩ ይሾልካል። ቦቲ ጫማ ጀልባ ላይ አይደረግም።

ገመዱን መያዝ አንድ ነገር ነው፣ መልሶ መውጣት ሌላ። በጎን በኩል ለመውጣት የሞከረ ጀልባውን በራሱ ላይ ይገለብጣል። ከኋላ በኩል በሁለት ገመድ የተንጠለጠለ የእንጨት መርገጫ አለኝ፤ የታችኛው ከውሃው ሥር ክንድ ያህል ይገባል። እሱን ረግጦ፣ በሆድ ተኝቶ፣ እንደ እባብ ወደ ውስጥ መሳብ ነው። ይህን በልብስ፣ በጃኬት፣ ደክሞኝም ሳለሁ ደጋግሜ ተለማምጃለሁ። ልብሱን አርሶ መለማመድ የማይፈልግ ሰው ብቻውን ባይወጣ ይሻለዋል።

ሸራው ከገበያ የተገዛ ሸራ ነው፤ ልብስ ሰፊ ጠርዙን በድርብ ክር መትቶታል። ምሰሶው ቀርከሃ ነው። ጠፍጣፋ ጀልባ በሸራ የሚሄደው ነፋሱን ተከትሎ እንጂ ተቃውሞ አይደለም። ከዚህ የመጣ ደንብ አለኝ፦ ጠዋት ጉልበት ሳለኝ ነፋሱን ተቃውሜ እቀዝፋለሁ፣ ስመለስ ሸራው ያመጣኛል። የሸራውን ገመድ ጀልባው ላይ አስሬ አላውቅም፤ በእጄ ነው የምይዘው። ብወድቅ ገመዱ ከእጄ ይለቃል፣ ሸራው ይርገበገባል፣ ጀልባው ይቆማል። አንድ አረጋዊ ዓሣ አስጋሪ ገና ሲያዩኝ «ልጄ፣ ከቀትር በኋላ ደመናው በስተጀርባህ ሲጠቁር ዓሣ ቢነክስልህም ተወው» አሉኝ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው፤ ከመብረቁ በፊት ያለው ሰዓት ከሁሉም ያማረው ነው። ወደ ግድቡ ግድግዳ አቅጣጫማ በጭራሽ አልሄድም።

አሁን ወደ ልቤ ነገር ልምጣ። ብቻቸውን ይሂዱ እንጂ የቫንዴ ግሎብ ሰዎች ያሉበትን ቦታ ዳርቻ ላይ የሚከታተል ሰው አላቸው። ኅዳር 2013 ዓ.ም. የኬቨን ኤስኮፊየርን ጀልባ ከኬፕ ታውን ደቡብ ምዕራብ ማዕበል ለሁለት ሰበረው። አዘጋጆቹ ቅርብ ያሉትን አዞሩ፤ ዣን ለ ካም በጨለማ ፈልጎ፣ ከ11 ሰዓት ያህል በኋላ ከነፍስ አድን ጀልባው ላይ አነሳው። ለ ካምን ራሱን እ.ኤ.አ. በ2009 ኬፕ ሆርን አጠገብ ያዳነው ሌላው ተወዳዳሪ ቫንሰን ሪዩ ነበር። ደቡብ አፍሪካዊቷ ኪርስተን ኖይሻፈርም እ.ኤ.አ. በ2022 በተነሳው ጎልደን ግሎብ፣ እሱም ብቻን ዓለምን የመዞር ውድድር ነው፣ ጀልባው በደቂቃዎች የሰመጠበትን ፊንላንዳዊ ታፒዮ ሌህቲነንን አንስታ፣ ወደ ጭነት መርከብ አሻግራ፣ ጉዞዋን ቀጥላ አሸነፈች።

ያ ሁሉ ሲሆን ያጠፉት ሰዓት ይቆጠርላቸዋል። ኤስኮፊየርን ፍለጋ የዞረው ያኒክ ቤስታቨን 10 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ተመልሶለታል፤ ሦስተኛ ሆኖ መስመሩን አልፎ ያሸነፈው በዚያ ነው። ይህን ሳስብ የእኛ ውሃ ላይ የጎደለው ታየኝ። አስጋሪ ሰው ለማዳን ይሮጣል፣ ሰው ነውና፤ ግን መረቡን ጥሎ የዋለበት ቀን የልጆቹ እራት ነው።

እንዲህ ተስማማን። ከመውጣቴ በፊት ዳርቻው ላይ ሻይ ለሚያፈሉት እናት የምሄድበትን አቅጣጫና የምመለስበትን ሰዓት እነግራለሁ። ከቀኑ 10 ሰዓት ካለፈ ይደውላሉ፤ ካላነሳሁ ለአስጋሪዎቹ ይነግራሉ። ሲመሽ ጀልባ የሚወጣው ሁለት ሰውና መብራት ይዞ ብቻ ነው። ሁላችንም በየወሩ የምናዋጣው ገንዘብ አለ፤ ፍለጋ የወጣ ሰው የቀኑ ገቢ ከዚያ ይከፈለዋል፣ ፍለጋው ሐሰት ሆኖ ቢገኝም። መጠኑን የወሰኑት አስጋሪዎቹ ናቸው፤ ዓሣ በሚበዛበት ወር ይጨምራል።