የእንጨት ሰርተፍኬት ከደብተር ይጀምራል፦ ከኮምቦልቻ የተላከ የልምድ ማካፈያ

ባለፈው ወር ኮምቦልቻ ባለው የእንጨት ሥራ ቤታችን አንድ ትልቅ ነገር ተሳክቶልናል። ወደ ግቢ የገባው ጣውላና ተሠርቶ የወጣው ሣጥን ደብተር ላይ ገጠመ። ፍቅፋቂው፣ ሰጋቱራውና ቁርጥራጩ ሳይቀር ተቆጥሮ ማለት ነው። እንጨቱ በአግባቡ ከተያዘ ደን መምጣቱን የሚመሰክረው ሰርተፍኬት ገና እጃችን አልገባም። ግን ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ትልቁ አቀበት ይሄ ነበርና ደሴ፣ ሐይቅና ወልዲያ ላላችሁ የሙያ ባልደረቦቼ ላካፍላችሁ ብዬ ነው።

ነገሩን ያመጣው ደንበኛ ነው። አዲስ አበባ ያለ ቡና ላኪ የስጦታ ሣጥን እንሠራለታለን። ገዢዎቹ አውሮፓውያን ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው ደንብ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮበት ከነበረ መሬት የመጣ ምርት ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ቡናም እንጨትም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ሌላ ዕቃ ለማሸግ ብቻ የሚውል ሣጥን ደንቡ አይነካውም። ገዢዎቹ ግን አንዴ ስለ ቡናው መጠየቅ ከጀመሩ ስለ ሣጥኑም ጠየቁ። “ኤፍ ኤስ ሲ አላችሁ?” አለን ደንበኛችን። በዚያው ገባንበት።

የመጀመሪያውን ክፍል ቶሎ ልለፈው። ኤፍ ኤስ ሲ በ1993 እንደ ፈረንጆቹ የተመሠረተ፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ጀርመን ቦን የሆነ፣ የዚህን ሰርተፍኬት መመሪያ የሚያወጣ ድርጅት ነው። ሁለት ዋና ዋና ዓይነት ሰርተፍኬት አለው። አንዱ ለደን ባለቤት ነው። ሌላው እንጨቱን ለሚገዛ፣ ለሚሠራና ለሚሸጥ ሁሉ ነው፤ ቼን ኦፍ ከስተዲ ይሉታል። እኛን የሚመለከተው ሁለተኛው ነው። አምስት ዓመት ያገለግላል፤ በየዓመቱ ኦዲተር ይመጣል፤ ሰነድ ቢያንስ አምስት ዓመት ይቀመጣል። ለትንንሽ ሥራ ቤቶች በቡድን የሚወጣበት መንገድ አለ። በመመሪያው ከ15 የማይበልጥ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ለዚህ ብቁ ነው። አንድ ማዕከል ተቋቁሞ አባላቱን ራሱ ይቆጣጠራል፤ ወጪውም ይከፋፈላል። ለብቻ መሞከር ለእኛ አቅም አይሆንም። ይሄን በእርግጠኝነት ነው የምላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው። የገባውና የወጣው እንጨት ሚዛን።

ኦዲተር ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ይሄን ያህል የተረጋገጠ፣ ማለትም ሰርተፍኬት ያለው እንጨት ገዝተህ ይሄን ያህል ዕቃ ሸጥክ፤ ሊሆን ይችላል ወይ? ለዚህ መልስ ከሚገባው እንጨት ስንት እጁ ዕቃ ሆኖ እንደሚወጣ ማወቅ ያስፈልጋል። በየምርቱ አንድ ቁጥር ይወጣል። የወጣውን ለገባው ማካፈል ነው፤ ሒሳቡ የስድስተኛ ክፍል ነው። ችግሩ የገባው ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው።

እኛ ጣውላ የምንገዛው በቁጥር ነው። “ሃምሳ ጣውላ፣ ባለ አራት ሜትር፣ በሃያ፣ በሁለት ተኩል።” ስፋቱና ውፍረቱ በሴንቲ ነው፤ ሒሳቡን ስትሠሩት አንዱ 0.02 ሜትር ኩብ ነው። ሃምሳው ልክ 1 ሜትር ኩብ ይሆናል። የሚያምር ቁጥር ነው። ደብተር ላይም እንዲሁ ይጻፋል።

ካሊፐር፣ ውፍረት በትክክል የሚለካውን መሣሪያ፣ ይዤ ጭነቱ ላይ ወጣሁ። ውፍረቱ ሁለት ተኩል የተባለው ባህር ዛፍ ሁለት ነጥብ ሁለት ሆኖ ተገኘ። አንዱ ጫፍ ላይ እንዲያውም ሁለት ነው። መሰንጠቂያ ቤቱ ሄጄ ስጠይቅ ኃላፊው፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ አልተቆጡም። “አብሽር ልጄ፣ ምላጩም የሚበላው አለው፤ ሲደርቅም ይኮማተራል። አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሸጠው” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ባህር ዛፍ ሲደርቅ ክፉኛ ይኮማተራል፤ በእርጥቡ የተለካ ጣውላ ሲደርቅ ሌላ ጣውላ ነው።

እንግዲህ በሁለት ነጥብ ሁለት አስሉት። ሃምሳው ጣውላ 0.88 ሜትር ኩብ ነው። መጋዝ ሳይነካው መቶ ላይ አሥራ ሁለቱ ወረቀት ላይ ብቻ የነበረ እንጨት ነው ማለት ነው።

ከዚያ ጭነት አንድ መቶ ሣጥን ወጣ። የአንዱ ሣጥን እንጨት፣ በፒያላ (በመላጊያ ማሽን) አልፎ ውፍረቱ አንድ ተኩል ሴንቲ ከሆነ በኋላ፣ 0.0045 ሜትር ኩብ ነው። መቶው 0.45። ለ0.88 ሲካፈል 0.51 ይመጣል። ከገባው ግማሹ ሣጥን፣ ግማሹ ሰጋቱራና ቁርጥራጭ ነው። ይሄ 0.51 የሥራ ቤታችን ቁጥር ነው፤ ለእናንተ አይሠራም። ማሽናችሁም፣ ጣውላችሁም፣ የምትሠሩትም ይለያል።

“ታዲያ ይሄ ሁሉ ለምን?” ለምትሉ፦ ያንኑ 0.51 ይዛችሁ ደብተር ላይ ያለውን 1 ሜትር ኩብ ብታባዙበትና ለአንዱ ሣጥን እንጨት ብታካፍሉት 113 ሣጥን ይፈቅድላችኋል። የወጣው ግን መቶ ነው። አሥራ ሦስት ሣጥን ከየትም በመጣ እንጨት ተሠርቶ የተረጋገጠ ተብሎ ሊሸጥ ይችላል፤ ወረቀቱም አይጋጭም። ኦዲተሩ የሚፈልገው ይሄን ቀዳዳ ነው። እኔም ብሆን የምፈልገው እሱን ነው። የየጎፍ ደን ሥር ያደገ ሰው እንጨት ከየት እንደመጣ የማይታወቅበት ገበያ ምን እንደሚያስከትል አይጠፋውም።

ስለዚህ አቋሜ ይሄ ነው። ጣውላ በገባበት ቀን፣ ከየጭነቱ አሥሩን ዝም ብሎ እየመዘዙ በካሊፐር ሦስት ቦታ መለካት። እርጥብ ይሁን ደረቅ መጻፍ። ከዚያ አማካዩን መውሰድ። ሻጩ የነገራችሁንም በሌላ ዓምድ ጻፉት፤ ልዩነቱ ራሱ ብዙ ያስተምራል። ኮምፒውተር አያስፈልግም። ኤክሴል ሠርተው የሚሸጡ አማካሪዎች አሉ፤ ባዶ ሠንጠረዥ ነው። ለአማካሪ ከመክፈል በፊት ካሊፐርና ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ግዙ። ሣጥን ሠሪዎቻችን ራሳቸው እንዲጽፉ ማድረጋችን ከሁሉም በላይ ጠቅሞናል። አንደኛው ልጅ አሁን ጣውላ ሲያነሳ ዓይኑ ውፍረቱን ያነባል።

የተረጋገጠውን ካልተረጋገጠው መለየት ሁለተኛው ሥራ ነው። የጣውላውን ጫፍ አረንጓዴ ቀባን። ግን ጣውላው ለሁለት ሲቆረጥ አንደኛው ቁራጭ ቀለም አይኖረውም፤ ጎኑንም ብትቀቡት ፒያላው ይበላዋል። አሁን ቀለሙ ክምሩ ላይ ነው የሚያገለግለው። ከተቆረጠ በኋላ እንጨቱ ካርድ በተንጠለጠለበት ጋሪ ይሄዳል፤ የጭነቱ ቁጥር ካርዱ ላይ አለ። ማሽኑ ላይ ደግሞ ሁለቱን በአንድ ቀን አንሠራም። ይሄ ለጊዜው በቂ ነው።

ኮምፔንሳቶና ኤምዲኤፍ፣ በፋብሪካ ተጣብቆ የተሠራ የእንጨት ሰሌዳ፣ ለምትጠቀሙ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ከውጭ የሚመጣው ሰሌዳ ላይ የኤፍ ኤስ ሲ የዛፍ ምልክት ታትሞ ታገኛላችሁ። ያ ብቻውን ምንም አያደርግላችሁም። አስመጪው ራሱ ሰርተፍኬት ከሌለው ሰንሰለቱ እሱ ጋ ተበጥሷል። የእናንተ ማስረጃ ደረሰኙ ነው። ደረሰኙ ላይ የሻጩ የሰርተፍኬት ቁጥርና የእንጨቱ ምድብ፣ መቶ በመቶ ይሁን ድብልቅ፣ መጻፍ አለበት። ቁጥሩን በስልክ የኤፍ ኤስ ሲ ገጽ ላይ አስገብታችሁ በሥራ ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ይሄን የማያደርግ ሰው በሰርተፍኬት ስም ገንዘብ ባያወጣ ይሻለዋል።

ስለ ዋንዛ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አገራችን ዋንዛ ይወዳል፤ ለሙሽራ አልጋ የሚጠየቀው እሱ ነው። በ1986 የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ አሁን ያለው ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ነው። ገበሬ ማሳው ላይ ያሳደገውን ዋንዛ የሚገዛ አለ። ከሆነ የቀበሌውን ማስረጃና ኬላ ላይ የሚጠየቀውን የማጓጓዣ ወረቀት ቅጂ ያዙ። ያለዚያ እኔ አልገዛም። ደንበኛ ቢሄድም ይሂድ።

ሌላ ኦዲተሩ የሚያየው፣ ብዙዎቻችን የማናስበው፣ የሠራተኛ ነገር ነው። እንደ ፈረንጆቹ ከ2021 ጀምሮ የሠራተኛ መብት የኤፍ ኤስ ሲ መመሪያ ውስጥ ገብቷል። እኛ ሠፈር ልጆች ከትምህርት መልስ ሥራ ቤት መዋላቸው ባህል ነው፤ እኔም ሙያውን የለመድኩት እንደዚያ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ግን ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ18 በታች ያለውን ደግሞ አደገኛ ሥራ ላይ ማሰማራት አይቻልም። ክብ መጋዝ አደገኛ ነው፤ ክርክር የለውም። ታናናሾቹን ከማሽን አርቀን ብርጭቆ ወረቀትና ካርድ መጻፍ ላይ አደረግናቸው ብዬ ልጽፍላችሁ አስቤ ነበር። የብርጭቆ ወረቀቱ ብናኝ ግን ለልጅ ሳንባ ጥሩ አይደለም። ከ15 በታች ያሉትን ወደ ቤታቸው ሸኘን። ለቤተሰቦቻቸው ማስረዳቱ ከሒሳቡ ሁሉ ከበደኝ።

አንድ ያልተፈታ ነገር አለ፤ ሳልደብቅ ልንገራችሁ። በምገዛባቸው መሰንጠቂያ ቤቶች ሁሉ የተረጋገጠ ባህር ዛፍ እስካሁን አላገኘሁም። ደብተራችን ተስተካክሏል፤ የሚገባበት እንጨት ግን የለም። ለሙከራ ያደረግነው በተራ ጣውላ ነው። ኩታበርና ቦሩ ሜዳ አካባቢ ባህር ዛፍ ያላቸው ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው የደኑን ሰርተፍኬት በቡድን ቢይዙ መንገዱ ይከፈታል፤ ኤፍ ኤስ ሲ ለትንንሽ ባለይዞታዎች ቀለል ያለ አሠራር አለው። ከሁለት ማኅበራት ጋር እየተነጋገርን ነው። የሚያሳስባቸው ዋጋው ነው፤ “ይሄ ሁሉ ወረቀት በአንድ አጠና ላይ ስንት ይጨምርልናል?” ይላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ደንበኛችን ስንት እንደሚጨምር በጽሑፍ እንዲሰጠን ጠይቀናል፤ ያንን ሳይዙ ገበሬውን ማድከም ልክ አይደለም።

ለሥራ ቤቶች ቡድኑ እስካሁን ከደሴና ከኮምቦልቻ የተስማሙ አሉ። መግባት የምትፈልጉ መጀመሪያ ካሊፐር ይዛችሁ የአንድ ጭነት ልክ ውሰዱ፤ የገባውንና የወጣውን ጻፉ፤ ቁጥራችሁን ላኩልኝ። በተለይ የፈረንጅ ጽድ የምትሠሩ፣ ከገባው ስንት እጁ በርና መስኮት ሆኖ ይወጣላችኋል? እኔ ያለኝ የባህር ዛፍ ቁጥር ብቻ ነው።