አሮጌ ቦክስ ጊታር ስገዛ ዋጋውን እንዴት እንዳወጣሁ

«አሮጌ ጊታር ሁሉ ውድ ነው» የሚለው ወሬ ባሕር ዳርም ደርሷል። ሰው በፈረንጆቹ 1959 የተሠራ ጊብሰን ሌስ ፖል የሚባል የኤሌክትሪክ ጊታር የተሸጠበትን ዋጋ ያይና ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ጊታር በአዲስ ዓይን ማየት ይጀምራል። ያ ጊታር ግን ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ የሚያወጣው ስላረጀ ብቻ አይደለም። ሳንበርስት የሚባለው፣ ከመሀል ፈክቶ ወደ ጠርዙ እየጠቆረ የሚሄድ ቀለም ያለው ያኔ ከ1958 እስከ 1960 ብቻ ተሠራ፣ ቁጥሩ ከ2,000 አይበልጥም፣ ከዚያ ታላላቆቹ የሮክ ጊታሪስቶች ያዙትና ፈላጊው በዛ። ፈላጊ ከሌለ ዕድሜ ብቻውን ብር አይሆንም።

እኔ ያገኘሁት ያማሃ ኤፍጂ 180 ነው፣ ሽምብጥ አካባቢ፣ ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ቤት። 60 ሺህ ብር አሉኝ። «ጋሼ፣ ከፈቀዱልኝ መጀመሪያ ውስጡን በባትሪ ልየው» አልኳቸው። ፈቀዱልኝ፣ ቡናም አስቀረቡ።

በድምፅ ቀዳዳው ሳበራ ቀዩ ወረቀት አለ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ያማሃ ይህን ሞዴል ጃፓን ውስጥ በፈረንጆቹ 1966 ሲጀምር የለጠፈው ወረቀት ቀይ ነበር፣ ሰው አሁንም ለይቶ የሚፈልገው እሱኑ ነው። ፊቱ ኮምፔርሳቶ ነው። ውድ ጊታር ላይ ይሄ ዋጋ ይቀንሳል፣ ለባሕር ዳር ግን እኔ እወደዋለሁ፤ ክረምት ጣና ዳር አየሩ እርጥብ ነው፣ በጋ ሲመጣ ይደርቃል፣ ወጥ እንጨት የሆነ ፊት በዚህ መሀል ሲያብጥና ሲኮማተር ሊሰነጠቅ ይችላል። ይሄኛው አንድም ስንጥቅ የለውም። አውራ ጣቴን በአንገቱ ጠርዝ ሳንሸራትት ግን የፍሬቶቹ፣ አንገቱ ላይ በአግድም የተሰኩት ቀጫጭን ብረቶች፣ ጫፍ ቆረቆረኝ። እንጨቱ ደርቆ ሲሸሽ ብረቱ ይቀራል፣ እሱን ሞርዶ ማለስለስ ቀላል ነው።

ዋናው ነገር አንገቱ ነው። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ፍሬቶቹ ላይ አጋድሜ ክሮቹ ፊቱ ላይ ወደሚታሰሩበት እንጨት፣ ወደ ብሪጁ፣ ገፋሁት። ጫፉ ብሪጁ አናት ላይ ካረፈ ደህና ነው፣ ዝቅ ብሎ ብሪጁን ከፊት ከመታው ግን አንገቱ በዓመታት የክር ጉተታ ተስቧል ማለት ነው። በትንሹ መታው። 12ኛው ፍሬት ላይ ወፍራሙ ክር ከ2.5 ሚሊ ሜትር ብዙ ባይርቅ ጥሩ ነበር፣ ይሄ 3.5 ሆነ። አንገት ነቅሎ አስተካክሎ መልሶ የሚገጥም ባለሙያ እዚህ እኔ አላውቅም፣ ውጭ አገርም ቢሆን ለዚህ ጥገና የሚጠየቀው ብር የጊታሩን ዋጋ ይጠጋል። እኔ የማደርገው ክሮቹ የሚያርፉበትን ነጭ አጥንት ከሥሩ መሞረድ ነው። ትንሽ ያወርደዋል፣ ግን ከዚያ በኋላ ሌላ የሚሞረድ ነገር አይተርፍም።

ዋጋውን ያወጣሁት እንዲህ ነው። ሪቨርብና ኢቤይ የሚባሉት የኢንተርኔት መሸጫዎች ላይ የተጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን አየሁ፣ ምክንያቱም መጠየቅማ ማንም ይጠይቃል። ጥቂት መቶ ዶላር ነው። ያ ግን ለደህና አንገት ነው፣ ገዥ በሞላበት ገበያ፣ ስለዚህ የአንገቱን ጣጣ ቀነስኩ፣ ነገ ልሽጠው ብል እዚህ ገዥ የምፈልግበትንም ጊዜ ቀነስኩ። መቃኛዎቹ ከፋብሪካ የወጡት ራሳቸው ናቸው፣ ከኋላ የሌላ ብሎን ቀዳዳ የለም፣ ለዚያ ጥቂት መለስኩ። ለጋሼ ሁሉንም በማስመሪያው እያሳየሁ ነገርኳቸው። እየነኩ፣ እየጠየቁ አዩ፣ በ32 ሺህ ተስማማን። ዝም ብዬ ዋጋ ባጣጥልባቸው ኖሮ የሚሸጡልኝ አይመስለኝም፣ እኔም ደስ አይለኝም ነበር።

አሮጌ ጊታር ቤታችሁ ካለና መሸጥ ካሰባችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። እንዲያምር ብላችሁ አናጢ ጋ ወስዳችሁ ቫርኒሽ አታስቀቡት። ሰብሳቢ የሚፈልገው የፋብሪካውን ቀለም ነው፣ ውድ ጊታር እንደ አዲስ ሲቀባ የዋጋው ግማሽ ያህል ይሄዳል። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ክሩን ትንሽ አላሉት፣ ፎቶ ስታነሱ ደግሞ የውስጡን ወረቀትና የመቃኛዎቹን ጀርባ አሳዩ።