የተዛባውና የጠፋው

ሐምሌ ላይ ከጮቄ በኩል ነጎድጓድ ሲበረታ ደብረ ማርቆስ ውስጥ መብራት መሄዱ የተለመደ ነው። የምሠራበት የገበሬዎች ዩኒየን ሰርቨርም በወጉ ሳይዘጋ ጠፍቶ ሲነሣ፣ የአባላት መዝገቡ ቴብል (የዳታቤዝ ሰንጠረዥ) መበላሸቱንና መጠገን እንዳለበት የሚገልጽ ስህተት ቁጥር 145 አወጣ። ቴብሉ የተሠራው ማይኤስኪውኤል በተባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ውስጥ ካሉት የዳታ ማስቀመጫ አሠራሮች አንዱ በሆነው በማይአይሳም ሲሆን፣ ይህ አሠራር ዳታውንና ኢንዴክሱን (ዳታውን ፈጥኖ መፈለጊያ ማውጫውን) በተለያዩ ፋይሎች ያስቀምጣል፤ በድንገተኛ መጥፋት ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ኢንዴክሱ ነው፣ እሱም ከዳታው እንደገና ሊሠራ ይችላል። ወጣቱ ባልደረባዬ የጥገናውን ትእዛዝ ሊያስኬድ ሲል «ቆይ፣ መጀመሪያ ፋይሎቹን እንገልብጥ» አልሁት፤ ጥገናው ራሱ ሊያነበው ያልቻለውን መዝገብ ሊጥል ይችላልና። ከዚያ በኋላ ቴብሉ ያለ ችግር ተነሣ።

ዋናው ጣጣ የመጣው መዝገቡን ድንገተኛ መጥፋትን በተሻለ ወደሚቋቋመው ኢኖዲቢ ወደተባለ አሠራር አዛውረን በአዲስ ፕሮግራም ስንከፍተው ነው። የጎዛምንና የማቻከል አባላት ስም በአብዛኛው ወደ ባዕድ ምልክት ተለወጠ፤ በአንድ ፊደል ፋንታ ሦስት ምልክት፣ የመጀመሪያውም ሁልጊዜ ጭረት የተደረገበት የላቲን ‹ኤ›። መዝጋቢዋ «ጋሼ፣ ይኼማ ጠፋ በለኝ!» ብላ ራሷን ያዘች። እኔ ግን ምልክቱን ሳይ ተረጋጋሁ፤ ፊደሎቻችን የዓለምን ጽሑፎች ሁሉ በኮምፒውተር በሚጽፈው ሥርዓት፣ በዩቲኤፍ-8፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ባይት ይይዛሉ፣ የመጀመሪያው ባይትም የሁሉም አንድ ነው። ቴብሉ እስከ ማይኤስኪውኤል 8.0 ድረስ ነባሪ በነበረውና የላቲን ፊደላትን ብቻ በሚያውቀው በላቲን-1 እንደ ተጻፈ ተደርጎ ስለ ተመዘገበ፣ አዲሱ ፕሮግራም እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የላቲን ፊደል ቆጥሮ አንብቦታል እንጂ ባይቶቹ አልተነኩም። ዓምዱን መጀመሪያ ወደ ባይነሪ (እንደ ፊደል ወደማይተረጎም ጥሬ ባይት)፣ ከዚያም ወደ ዩቲኤፍ-8 ስንቀይረው ስሞቹ እንደ ነበሩ ተመለሱ።

ማንም ያልደነገጠባቸው፣ በጥያቄ ምልክት ብቻ የተሞሉት ጥቂት ስሞች ነበሩ እውነተኛው ጉዳት። እነዚህ ቀደም ሲል በሌላ ፕሮግራም የገቡ ናቸው፤ ያ ፕሮግራም ዩቲኤፍ-8 መላኩን በትክክል ስላሳወቀ፣ ዳታቤዙ ፊደሎቹን ወደ ላቲን-1 ሊለውጥ ሞክሮ አቻ ሲያጣ በእያንዳንዱ ፈንታ የጥያቄ ምልክት ጻፈ። በዲስኩ ላይ የተቀመጠው የጥያቄ ምልክቱ ራሱ ስለሆነ የትኛውም ትእዛዝ አይመልሰውም፤ ባክአፑም ያንኑ ነው የያዘው። መዝጋቢዋ የአባልነት ፎርሞቹን ከቦክስ ፋይል አውጥታ፣ በአባልነት ቁጥር እያመሳከረች ስሞቹን እንደገና አስገባች።