ከቶም ሚክስ ይልቅ ሃርት

በድምፅ አልባ ፊልም ዘመን የመጀመሪያው የካውቦይ ፊልም ኮከብ ፈረስ መጋለብ በቅጡ አይችልም ነበር። የምሬን ነው። ብሮንኮ ቢሊ አንደርሰን ይባላል፤ የወጣለት ስም ግን ማክስ አሮንሰን ነው፣ የአርካንሳስ ይሁዲ ቤተሰብ ልጅ። እ.ኤ.አ. በ1903 የተወነበት «ታላቁ የባቡር ዘረፋ» ራሱ በአብዛኛው የተቀረፀው እዚያው ምሥራቅ፣ ኒው ጀርሲ ነው። ካውቦይነቱ እንግዲህ ከጅምሩ ትወና ነበር።

የእኔ ሰው ግን ዊልያም ኤስ. ሃርት ነው። ሼክስፒር ሲጫወት የኖረ የመድረክ ተዋናይ፤ ወደ ፊልም የገባው በ1914፣ ሃምሳን ሊደፍን ሲል። ዛሬ በዚያ ዕድሜ ጀማሪ አክተር ማን ይቀጥራል? ልጅነቱን በከፊል ያሳለፈው በምዕራቡ የካውቦይ አገር፣ ዳኮታ አካባቢ ስለነበር የካውቦይ ፊልሞች ውሸት ያንገበግበው ነበር። የሱ ካውቦይ ልብሱ አቧራ የጠጣ፣ ፊቱ የማይፈታ፣ ግማሽ ሽፍታ ግማሽ ደግ ሰው ነው። የ1916ቱን «ሄልስ ሂንጅስ» እዩት። አዲስ የመጣውን ሰባኪ ሊያባርር ይወጣና የሰባኪውን እህት ሲያይ ልቡ ይሸፍታል፤ በኋላ ሰካራሞቹ ቤተ ክርስቲያኑን ሲያቃጥሉ እሱ ደግሞ መሸታ ቤታቸውን ያነደዋል፣ እሳቱም ከተማውን ጠራርጎ ይበላዋል። ይሄ ሁሉ ያለ አንዳች ድምፅ!

ሌላው የዘመኑ የካውቦይ ፊልም ኮከብ ቶም ሚክስ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የምር ጋላቢ ነው፣ ኦክላሆማ በነበረው 101 ራንች በሚባል የከብት እርባታ ውስጥ የሠራ። ካሜራ ፊት ግን ትልቅ ነጭ ባርኔጣ፣ ያሸበረቀ ሸሚዝ፣ ቶኒ የሚባል ዝነኛ ፈረስ፣ ዝላይ በዝላይ። ልጆች አበዱለት። የፊልም ኩባንያው ፎክስ በሳምንት 17,500 ዶላር ይከፍለው ነበር፣ ያውም በዚያ ዘመን ገንዘብ። የጦር ጀግና ነው ተብሎም ተወራለት፤ እውነቱ በ1902 ከሠራዊቱ የከዳ ሰው መሆኑ ነው።

ያስቀኛል። ከራንች የመጣው ሰርከስ ሠራ፣ ከቲያትር ቤት የመጣው እውነት እውነት ሲል ኖረ። ተመልካቹ ሰርከሱን መረጠ። ሃርት በ1925 «ተምብልዊድስ»ን ሠርቶ ከፊልም ወጣ። ፊልሙ ስለ 1893ቱ የኦክላሆማ መሬት ሽሚያ ነው፣ ሰፋሪው ለሰፈራ የተከፈተውን መሬት ቀድሞ ለመያዝ የተሽቀዳደመበት፤ ጋሪውና ፈረሱ በአንዴ ሲለቀቅ ያለውን ትዕይንት ዛሬም ኮምፒውተር አይሠራውም እላለሁ። በ1939 ፊልሙ እንደገና ሲወጣ ሸምግሎ መግቢያው ላይ ይናገራል። ያን ሁሉ ዓመት ያልሰማነው ያ የመድረክ ድምፅ! ፈረስ መጋለብ እንዴት እንደናፈቀው ሲናገር እንባው ይተናነቀዋል፤ አንዳንዱ የተጋነነ ይለዋል፣ እኔን ግን በላኝ።

ሁለቱ ጠላቶች አልነበሩም መሰለኝ፤ ዝነኛው የምዕራብ አሜሪካ ሕግ አስከባሪ ዋያት ኧርፕ በ1929 ሎስ አንጀለስ ሲሞት ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት መካከል ሃርትም ሚክስም ነበሩ። ሚክስን እንዳልበድለው ደግሞ፣ ፎክስ ጋ የሠራቸው ድምፅ አልባ ፊልሞች አብዛኞቹ በ1937 በመጋዘን ቃጠሎ ወድመዋል፤ የምንፈርደው በተረፈው ነው። የተረፈውም ለእሁድ ከሰዓት አይከፋም። ሃርትን ግን ማታ፣ ስልካችሁን አርቃችሁ እዩት።