ከዝርዝር ገንዘብ ውስጥ ብርቅ ሳንቲም እንዴት እንደምለቅም

ለንደን ውስጥ ሱቅ ያለው ወዳጅ አለኝ። ማታ ሲዘጋ ዝርዝሩን የምቆጥርለት እኔ ነኝ። እሱ ሥራ ይቀልለታል፣ እኔ የምፈልገውን እለቅማለሁ። የወሰድኩትን በሌላ ሳንቲም እተካለታለሁ። ባለሱቅ ወዳጅ የሌለው ሰው ወደ ባንክ መሄድ ይችላል። ባለ 20 ፔንሱ በ10 ፓውንድ ከረጢት ነው የሚሰጠው፤ 50 ሳንቲም ማለት ነው። አይቶ መልሶ ማስገባት ነው።

የምፈልገው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሲታተም የተበላሸ ሳንቲም ነው። ሌላው ስህተት የለበትም፤ ግን በዚያው ዓመት ከወጡት አቻዎቹ በትንሽ ነገር ይለያል። ከእነዚህ ጋር የሚምታታ ሦስተኛ ዓይነትም አለ። በ2009 ለኪው ጋርደንስ፣ ለንደን ላለው የዕፅዋት ቦታ፣ መታሰቢያ የወጣው ባለ 50 ፔንስ ብርቅ የሆነው የታተመው 210,000 ብቻ ስለሆነ ነው። ሲታተም የተበላሸ ነገር የለውም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ወደዚህ ነገር ያስገባኝ ዓመት የሌለው ባለ 20 ፔንስ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። እስከ 2008 ድረስ በዚህ ሳንቲም ላይ ዓመቱ የሚጻፈው ጽጌረዳ ባለበት ጀርባው በኩል ነበር። በዚያ ዓመት የእንግሊዝ ሳንቲም አታሚ የሆነው ሮያል ሚንት ከ1 ፔንስ እስከ 1 ፓውንድ ያሉትን ሳንቲሞች ጀርባ ለወጠ። የንጉሣዊው ጋሻ ቁርጥራጭ ሥዕሎች በየሳንቲሙ ላይ ተከፋፍለው ወጡ። ለአዲሱ ጀርባ ሲባል ዓመቱ ንግሥት ኤልሳቤጥ ወዳሉበት ጎን ተዛወረ። ታዲያ በሆነ ሰዓት ማሽኑ ላይ አሮጌው የንግሥቲቱ ገጽ ከአዲሱ ጀርባ ጋር ተገጠመ። አሮጌው ገጽ ዓመት የለውም፤ አዲሱም ጀርባ የለውም። ዓመት የሌለው ሳንቲም ታትሞ ገበያ ገባ። በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ ነበር። የሁለት ሳንቲም ገጾች እንዲህ ያለቦታቸው ሲገናኙ ሰብሳቢዎች ሚዩል ይሉታል።

ይህን ታሪክ ከሰማሁ በኋላ የቆጠራዬ ዘዴ ተለወጠ። ሳንቲሙን ሁሉ አላገላብጥም። መጀመሪያ በጀርባቸው እዘረጋቸዋለሁ። ጽጌረዳ ያለባቸውን ወደ ጎን አደርጋለሁ፤ ሊሆኑ አይችሉም። ጋሻ ያለባቸውን ብቻ ገልብጬ በንግሥቲቱ ዙሪያ ዓመት መኖሩን አያለሁ። ፍለጋ የሚፈጥነው የት ማየት እንደማያስፈልግ ሲታወቅ ነው። አንድ ማታ እንደዚህ ስገላብጥ ዙሪያው ባዶ የሆነ አንድ ብቅ አለ። ወዳጄ አጠገቤ ነበር፤ «ይኼ ዓመቱን ምን በላው?» አለ። እስካሁን አልሸጥኩትም፤ የምሸጠውም አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ሳንቲም እንዴት እንደሚሠራ ማጥናት ያዝኩ። የጠቀመኝ ነገር ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። ከብረት ጥቅል ላይ ክብ ቁራጭ ይቆረጣል። ይሞቃል፣ ይለሰልሳል፣ ጠርዙ ዙሪያውን ተገፍቶ ከፍ ይላል። ከዚያ በቀለበት ውስጥ ተቀምጦ ከላይና ከታች ባሉ ሁለት ማኅተሞች፣ ዳይ በሚባሉት፣ ይመታል። ይህን ካወቁ እያንዳንዱን ሳንቲም አንድ ጥያቄ ብቻ መጠየቅ ይበቃል፤ ማሽኑ ይህን ሊያደርግ ይችላል ወይ?

ለምሳሌ በንግሥቲቱ ፊት ላይ መስመር አየሁ እንበል። ዳይ ሲሰነጠቅ ብረቱ ወደ ስንጥቁ ይገባል፤ ስለዚህ ሳንቲሙ ላይ የሚወጣው መስመር ከፍ ብሎ ነው። ወደ ውስጥ የጎደጎደ መስመር ከሆነ ግን ጭረት ነው፤ ያገኘው መንገድ ላይ ነው። ፊደል ሲጎድልም ሰው ይደነግጣል። ብዙ ጊዜ የዳዩ ጉድጓድ በቅባትና በቆሻሻ ተደፍኖ ነው። እውነተኛ ስህተት ነው፤ ዋጋው ግን ትንሽ ነው።

ጠርዙ ተገምጦ የወጣውን እወደዋለሁ፤ ራሱ ይመሰክራልና። ቆራጩ አስቀድሞ በተቆረጠ ቀዳዳ ላይ ሲደርብ ክቡ ጎዶሎ ይወጣል። ይህ ጎዶሎ ክብ ጠርዙ ከፍ እንዲል ሲገፋ በተገመጠው በኩል የሚገፋው ነገር የለም፤ ስለዚህ በትክክል ተቃራኒው በኩል ያለው ጠርዝም ይደክማል። አንድ ሰው በሞረድ የበላው ሳንቲም ይህ ምልክት የለውም። መጀመሪያ የማየው ተቃራኒውን ጠርዝ ነው።

ማግኔት ሁልጊዜ ኪሴ ውስጥ አለ። 1 እና 2 ፔንስ እስከ 1992 ድረስ ነሐስ ነበሩ፤ ከዚያ መዳብ የተቀባ ብረት ሆኑ። ነሐሱን ማግኔት አይስበውም፣ ብረቱን ይስበዋል። በ1998 ግን ባለ 2 ፔንሱ በሁለቱም ታትሟል። ክብደቱ ያው 7.12 ግራም ስለሆነ ሚዛን አይለየውም። ብረት ቀለል ስለሚል ብረቱ ትንሽ ወፈር ይላል፤ ነሐሱ 1.85 ሚሊሜትር ሲሆን ብረቱ 2.03 ነው። አንዱን ከአንዱ አጠገብ ሲያቆሟቸው በዓይን ይታያል። ሀብታም አያደርግም፤ ለጀማሪ ግን ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላውቅም።

ኒው ፔንስ (አዲስ ፔንስ) የሚል ጽሑፍ ያለበት ባለ 2 ፔንስ ያላቸው ሰዎች ብርቅ አገኘን ይላሉ። ከ1971 እስከ 1981 የወጣው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። በ1982 ጽሑፉ ቱ ፔንስ (ሁለት ፔንስ) ሆነ። የሚፈለገው 1983 ተጽፎበት አሮጌውን ጽሑፍ የያዘው ብቻ ነው፤ የወጣውም ለስጦታና ለሰብሳቢ በተዘጋጁ ስብስቦች ውስጥ ነው። ዓመቱ ሌላ ከሆነ ሁለት ፔንስ ሁለት ፔንስ ነው።

የባለ 2 ፓውንዱ ጠርዝ ጽሑፍም እንዲሁ ነው። ተገልብጧል ብለው በውድ የሚሸጡ አሉ። ጽሑፉ ጠርዙ ላይ የሚቀረጸው ፊቱ ከመታተሙ በፊት ነው። ክቡ ወደ ማተሚያው ሲገባ የትኛው ጎኑ ወደ ላይ እንደሆነ የሚያይ የለም። ስለዚህ ግማሹ በዚህ፣ ግማሹ በዚያ ይወጣል። እዚህ ላይ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ሳይ ያሳዝነኛል።

ሆን ተብሎ የተሠራ ማታለልም አለ። ሁለት ሳንቲም አጣብቀው በሞርሳ ይጨምቃሉ፤ የአንዱ ምስል ተገልብጦ በሌላው ላይ ይቀራል። እውነተኛው የሚሆነው የታተመ ሳንቲም ዳዩ ላይ ተጣብቆ ሲቀር ነው፤ ያኔ ተገልብጦ የጎደጎደው ምስል ጥርት ያለ ነው፣ ሌላኛው ጎንም ጤነኛ ነው። የሞርሳው ሥራ ግን የመጀመሪያው ምስል ተደፍጥጦ ከሥር ይታያል። ሚዛንም እዚህ ይጠቅማል። ባለ 50 ፔንሱ 8 ግራም፣ ባለ 20ው 5 ግራም መሆን አለበት። በአሲድ የተበላ ሳንቲም ቀጥኖ ይቀልላል።

ዋጋ ስትጠይቁ የተጠየቀውን ተዉትና የተሸጠበትን እዩ። ጨረታ ላይ ለአንድ ሳንቲም በሺህ የሚቆጠር ፓውንድ የሚጠራ ሻጭ አይጠፋም፤ ገዢው ግን አልመጣም። ዓመት የሌለው ባለ 20 ፔንስ እንኳ የሚሸጠው በአሥሮች በሚቆጠር ፓውንድ ነው። ደግሞ ሳንቲም አትጠቡ። የጥርስ ሳሙናም፣ ሎሚም አይንካው። የተፈተገ ሳንቲም ዋጋው ወዲያው ይወርዳል፤ ሰብሳቢ በማጉያ መነጽር ሲያይ ያውቀዋል።

ሰሞኑን በዚሁ ዓይን ወደ ማርትሬዛ ዞሬያለሁ። አገር ቤት በየቤቱ ያለው የማርያ ቴሬዛ ብር ሁሉም 1780 ይላል፤ የታተመው ግን በየዘመኑና በየአገሩ ነው። ጣሊያን በ1935 ዳዩን ከኦስትሪያ ወስዳ ሮም ላይ ማተም ስትጀምር፣ ሮያል ሚንት ደግሞ ከ1936 ጀምሮ ለንደን ላይ አተመው። በርሚንግሃምና ቦምቤይም ታትሟል። ሰብሳቢዎች የሚለዩዋቸው በንሥሩ ጅራት ላባዎችና በማርያ ቴሬዛ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ዕንቁዎች ነው። ከቤተሰብ የደረሱኝ ጥቂት አሉ። ሚዛን ላይ ወደ 28 ግራም ገደማ ይመታሉ። አሁን በማጉያ መነጽር ላባ እየቆጠርኩ ነው፤ ቢያንስ አንዱ የለንደን እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ።